የአባቴን ሣጥን ከእኔ ለጠበቁልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የሣጥን ፍለጋው ማኅበር የግላዊነት ጥበቃ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ ያሉት ትጉሃን ሠራተኞችም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ በማመን የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በበኩሌ ደኅና ነኝ፤ የምግብ ፍላጎቴም ከሰሞኑ መለስ ብሎልኛል። ከዚህ ቀደም አራት ጊዜ ለክፍልዎ በግል ጽፌ፣ አራቱም ጊዜ «መልእክትዎ ለእኛ ክቡር ነው» የሚል ምላሽ ስለደረሰኝ፣ ይህን የመሰለ ክብር ለብቻዬ ይዤ መቀመጡ ንፍገት መስሎ ታየኝ። ስለዚህ አምስተኛውን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጽፌዋለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ሰው ውኃ የማያስገባ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ደብተር ያስቀምጥና ዛፍ ሥር ወይም ድልድይ ጥግ ይደብቀዋል፤ የቦታውን ቁጥሮች በማኅበሩ መተግበሪያ ላይ ያስመዘግባል፤ ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ያገኘዋል፣ ደብተሩ ላይ ስሙን ይጽፋል፣ ሣጥኑን እንደነበረ መልሶ ይሄዳል። ሽልማት የለውም። አዋቂ ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ ተንበርክኮ ሲጎረጉር ያየ መንገደኛ «ምን ጠፍቶት ይሆን?» ብሎ ያልፋል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንገድ ቀያሽ ነበር። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ጡረታ ሲወጣ እጆቹን የት እንደሚያሳርፋቸው ጨነቀው፤ ቀኑን ሙሉ የቤታችንን ግድግዳ በዓይኑ ሲለካ ይውላል። መተግበሪያችሁን ስልኩ ላይ የጫንኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ሣጥኖች ደበቀ። እናንተ ዘንድ እሱ «ቀያሹ»፣ እኔ «የቀያሹ ልጅ» እንባል ነበር። እሑድ እሑድ አብረን እንወጣለን፤ እሱ በትሩን ይዞ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። «ቀስ በይ እንጂ፣ ሣጥኑ እግር የለው፣ አይሄድብሽ» ይለኝ ነበር።

አባቴ ስለ አፈር፣ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ተዳፋት ሲጠየቅ ቀን ይመሽበታል። ስለ አንድ ነገር ብቻ ሲጠየቅ ዲዳ ነበር፤ ስለ እናቴ። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሞተችብኝ። ዘመድ የላትም፤ አባቴ በሥራ ሩቅ አገር ሄዶ ያገኛት ብቸኛ ሰው ነበረች፤ እሷን አውቃታለሁ የሚል ሌላ ሰው በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም። ከሁለት ፎቶግራፎች በቀር የቀረኝ የለም፤ በሁለቱም ደግሞ ኮስተር ብላ ቆማለች። በጠየቅኩት ቁጥር አንድ ካርታ ይዘረጋና «ቆይ፣ ይደርሳል» ይለኛል። ሁሉን በሆዱ የሚይዝ ሰው ነበር።

ሊሞት አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ግን፣ ከሆስፒታል ለጥቂት ቀን ወጥቶ ሳለ አልጋው ዳር አስቀመጠኝና፣ «አንድ የቀረ ሣጥን ነበረኝ፤ ደበቅኩት» አለኝ። «ስለ እናትሽ የጠየቅሽኝን ሁሉ ጽፌ ከትቼበታለሁ። በአፌ እምቢ ብሎኝ ነው።» የት እንደሆነ ስጠይቀው ፈገግ አለ። «ደባቂ ይናገራል እንዴ? ስልክሽ ላይ ይመጣልሻል። ለማንም አይታይም፤ ላንቺ ብቻ ነው የከፈትኩት።»

እኔም ፈገግ አልኩለት፤ ከዚያም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበትን ምክንያት የክፍልዎ መዝገብ ከእኔ የተሻለ ያስታውሰዋል ብዬ ስለማምን፣ ቅሬታዎቼን ከዚያው ልጀምር።

አንደኛ። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት «ቀዳሚ» በሚል ስም የሚጠራ አንድ ፕሪሚየም አባላችሁ እኔን መከተል ጀመረ። መከተል ስል ተረት ማውራቴ አይደለም፤ «ተከተል» የሚባል ቁልፍ ራሳችሁ ሠርታችሁ ለከፋይ አባላት አቅርባችሁላቸዋል። እኔ አንድ ሣጥን ባገኘሁና በመዘገብኩ ቁጥር ስልኩ ይጮኽለታል። መጀመሪያ ከእኔ ስም ሥር ስሙን የሚያገኙት በሰዓታት ልዩነት ነበር፤ ቀጥሎ በሃያ ደቂቃ፣ ቀጥሎ በስምንት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከውኃ ማጣሪያው ጀርባ ወዳለው ድልድይ ብቻዬን ስወርድ ቀድሞኝ ቆሞ አገኘሁት። ልሄድባቸው ያሰብኳቸውን ሣጥኖች ዝርዝርም ለከፋይ አባላት ታሳዩ እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። «ዛሬስ አረፈድሽ» አለኝ፤ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ። የእሱን ማንነት ልመለከት ብል ገጹ ተሸፍኗል፤ ገጽን መሸፈን የፕሪሚየም መብት ነውና። ለክፍልዎ ስጽፍ፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ በሚያስደንቅ ትሕትና፣ እኔም እንደ እሱ መሰወር ከፈለግኩ ፕሪሚየም አባል መሆን እንደምችል፣ እንዲያውም ለመጀመሪያው ወር ቅናሽ እንዳለ ገለጻችሁልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ምክሩ መልካም እንደነበረ አልክድም። ነገር ግን አንድ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ሲያስፈራራኝ፣ ለእሱ መሰላል ለሸጠው ነጋዴ ሄጄ መጋረጃ መግዛት ነፍሴ አልወደደችውም። አካውንቴን ዘጋሁት። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም፤ ያኔ መታመም ጀምሮ ነበር። እሑድ አብሬው እየወጣሁ፣ ስልኬን እያየሁ እየመሰልኩ፣ ከእሱ ስልክ ላይ እያነበብኩ እፈልግ ነበር። ልጠብቀው ብዬ ዋሸሁት። አባቴም «የቀያሹ ልጅ» አሁንም በመዝገባችሁ ያለች መስሎት፣ የመጨረሻ ሣጥኑን ለሌለች ሰው ከፈተ። ያን ቀን አልጋው ዳር «አባዬ፣ እኔ እኮ የለሁበትም» ማለት ነበረብኝ። «ነገ እነግረዋለሁ፤ እስከዚያ አካውንቱን አስመልሳለሁ» አልኩ። በማግሥቱ መልሶ ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም ሰው አልለየም።

ሁለተኛ። አባቴን በቀበርኩ በሳምንቱ፣ ስልኩ ከሆስፒታል ከተረከብኳቸው ዕቃዎች መካከል ስላልነበረ፣ የይለፍ ቃሉንም ይዞት ስለሄደ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ለክፍልዎ ጻፍኩ። ዝናቡ ሊገባ ገና አምስት ወር እንደቀረው፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት መሆኑን፣ ከዝናቡ በፊት መውጣት እንዳለበት አስረዳሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ምላሽ መጣ። ሣጥኑ በግምገማ ላይ እንደሆነ፣ ባለቤቱ «የቀያሹ ልጅ» ለምትባል አንዲት አባል ብቻ እንዲታይ እንዳዘዙ፣ እንዲህ ያለች አባል ግን በመዝገባችሁ አለመኖሯን ገለጻችሁልኝ። በእርግጥ አለመኖሬን ቀድሜ አውቅ ነበር፤ ማረጋገጫውን በማኅተም ስላገኘሁት አመሰግናለሁ። የቦታውን ቁጥር ለማወቅ ከፈለግኩ «የሣጥኑ ባለቤት በራሳቸው አካውንት ገብተው ቢጠይቁ» ጉዳዩ በአስቸኳይ እንደሚታይም አከላችሁ።

የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ የልደት ማስረጃዬን፣ የቀብሩን ደረሰኝ ሳይቀር አያይዤ መልሼ ጻፍኩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የደረሰኝን መልስ ከነነጥቡ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «የአባላታችን ግላዊነት በሞታቸው አይቋረጥም።» እንዴት ያለ ውብ ዐረፍተ ነገር ነው። ልጅቱ በሕይወት ሳለች በድልድይ ሥር ለሚጠብቃት ሰው የዕለት ውሎዋ ይሸጣል፤ አባትየው ከሞተ በኋላ ግን ከገዛ ልጁ ይጠበቃል። ሰው በእናንተ ዘንድ ይህን ያህል ለመከበር መሞት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ሦስተኛ። ይህች አጭር ናት። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ፣ የተዘጋ ስም ዳግም አይከፈትም ስለተባለ በሌላ ስም አዲስ አካውንት ከፍቼ፣ ጉዳዬ ቶሎ እንዲታይልኝ ፕሪሚየም አባል ልሁን ብዬ ገንዘቤን ይዤ መጣሁ። «በፈቃዳቸው ለቀው የተመለሱ አባላት ፕሪሚየም የሚሆኑት ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ይህም ለአባላት ደኅንነት ሲባል ነው» ተባልኩ። ለደኅንነቴ ብዬ ከ«ቀዳሚ» ሸሽቼ የወጣሁት እኔ፣ ለ«ቀዳሚ» ደኅንነት ስጋት ሆኜ ተገኘሁ።

አራተኛ። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ምስጋና ነው፤ ያለቦታው በመግባቱ ይቅርታ።

እናንተን ደጅ መጥናቱ እንዳላዋጣ ሲገባኝ የአባቴን የድሮ ሾፌር ሄጄ ጠየቅኩት። በመሥሪያ ቤቱ የመጨረሻዎቹን አሥር ዓመታት አብረው የሠሩ ናቸው፤ ዛሬ የራሱን ታክሲ ይነዳል። «አዎ፣ ወስጄዋለሁ» አለኝ። «ከጥዱ ደን በታች፣ አሮጌው መንገድ የሚታጠፍበት ጋ አቁም አለኝ። ልደግፍህ ብለው ተቆጣኝ። ‹አንተ እዚሁ ቁጭ በል፤ ይሄ የሰው ዓይን የሚያየው ነገር አይደለም› ብሎኝ በበትሩ ወጣ። ሲመለስ ላብ በላብ ነው፤ ደግሞ ደስ ብሎታል። የት ድረስ ሄደ ብትይኝ ግን አላውቅም፤ አርባ ደቂቃ ነው የጠበቅኩት።» ሦስት እሑድ ደኑን ዞርኩት። ሁለት ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ኮረብታ ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ሣጥን የሚደበቅበት ይመስላል።

አራተኛውን እሑድ ቤት ቁጭ ብዬ የእናንተን ደንብ አነበብኩ። አንቀጽ ሰባት እንደሚለው ሁለት ሣጥኖች ከመቶ ስልሳ ሜትር በታች ሊቀራረቡ አይችሉም። በግምገማ ላይ ያለ፣ ለማንም የማይታይ ሣጥንም ቢሆን ቦታው እንደተያዘ ይቆያል። እኔ ደግሞ የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ የቀያሽም ልጅ ነኝ።

ስለዚህ ኮረብታው ላይ የራሴን ሣጥን ለመደበቅ አመለከትኩ። ተፈቀደልኝ፤ አባቴ እዚያ አካባቢ የለም ማለት ነው። ተውኩትና ሌላ ቦታ አመለከትኩ፤ ተፈቀደልኝ። ሦስተኛውን ግን ገምጋሚያችሁ እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ያመለከቱበት ቦታ ከሌላ ሣጥን ጋር በጣም የተቀራረበ በመሆኑ ልንፈቅድልዎ ባለመቻላችን እናዝናለን።» በካርታችሁ ላይ በአንድ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ምንም የሚታይ ሣጥን የለም። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ እምቢታ የለም። በግላዊነት ያሸጋችሁትን ቦታ በእምቢታ ነገራችሁኝ።

የክፍሉን ትልቅ የእንጨት ኮምፓስ ወስጄ መምህራን ማረፊያ ውስጥ በካርታው ላይ ክብ አሰመርኩ። የፊዚክሱ መምህር በትከሻዬ አሻግሮ አይቶ «ምንድን ነው፣ ከተማ ልትቆረቁሪ ነው እንዴ?» አለኝ፤ «አይ፣ አባቴን እየፈለግኩ ነው» ስለው ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ሌላ ምንም ሳይጠይቅ ማስመሪያውን ያዘልኝ። አራተኛው ተከለከለ፤ አምስተኛው ተፈቀደ፤ ስድስተኛው ተከለከለ። ክቦቹ ተደራርበው የቀረችው ቁራሽ የትምህርት ቤታችንን የኳስ ሜዳ ግማሽ አትሞላም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ያልተመቸን። ፕሪሚየም አባላት ማመልከቻቸው በአንድ ቀን ይታያል፤ ሌሎቻችን አሥር አሥር ቀን እንጠብቃለን፤ ያውም አንዱ ሳይመለስ ሌላ ማስገባት አይቻልም። ስድስት እምቢታና እሺታ ስድሳ ቀን ማለት ነው። ዝናቡ የገባው በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ነው። ማታ ማታ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እየሰማሁ የማመልከቻ ገጻችሁን እከፍት ነበር፤ «ማመልከቻዎ በተራው ይታያል» ይላል።

አምስተኛ። ሣጥኑን አገኘሁት።

በኮረብታው ትከሻ ላይ፣ ሣር የዋጠው የሲሚንቶ የቅየሳ ምልክት አለ፤ ያንን መንገድ በወጣትነቱ ሲቀይስ አባቴ የተከለው ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ይነበባል። ሣጥኑ ከሥሩ፣ በሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተሸፍኖ ነበር። አራት ጎን መቆለፊያ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ሦስቱ ተቆልፈዋል። አራተኛው ጣቶቹን አልታዘዘለትም።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የእናንተ አይደለም፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር አባቴ አይወድልኝም። ሣጥን የሚደብቅ ሰው ሁሉ በእርሳስ ነው የሚጽፈው፤ ቀለም ከእርጥበት ጋር አይስማማም፤ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ነገር ግን ደብዳቤውን የጻፈው ሆስፒታል ተኝቶ ነው፤ እዚያ ያገኘው የነርሷን ባለሰማያዊ ቀለም ብዕር ነበር። መቆለፊያውም ብዕሩም የእሱ ናቸው። ዝምታው ደግሞ የእኔ። የእናንተ ጊዜው ብቻ ነው።

ወረቀቶቹን በፎጣ ጠቅልዬ መዝገብ ቤት ላለች አሮጌ ሰነድ ለምትጠግን ሴት ወሰድኩላት። በጠፍጣፋ ቢላዋ አንዱን ከአንዱ ስትለይ ትንፋሿን ይዛ ነበር። አደረቀች፣ በመብራት አየች፣ ደግማ አየች። «የኔ ልጅ» አለችኝ፣ «ይህ የቆየ እርጥበት አይደለም። ሦስት ሳምንት፣ ቢበዛ አንድ ወር ነው። ትንሽ ቀደም ብለሽ ብታመጪው ኖሮ...» አለችና ፊቴን ስታይ አቋረጠች። ከዚያ ቢላዋዋን መጥረግ ጀመረች፤ ቢላዋው ግን ንጹሕ ነበር።

አምስት ገጽ ነው። ግራና ቀኝ፣ በዚያ ቀጥ ባለ የቀያሽ ጽሕፈት፣ አምስት ገጽ ሙሉ። አባቴ በሕይወቱ ለማንም ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ከአምስቱ ገጽ የሚነበቡት አሥራ አንድ ቃላት ናቸው። «መንደሩ» የሚል አለ። «ጠዋት» የሚል አለ። «አልነገርኳትም» የሚል አለ፤ ምን እንዳልነገራት አላውቅም። ሌሎቹ እንዲሁ ብቻ ብቻቸውን የቆሙ ናቸው። ጎን ለጎን የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ «ስትስቅ እጇን» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ነው።

እጇን ምን ታደርገው እንደነበር አይታወቅም። አፏ ላይ ትይዘው ይሆናል፤ ደረቷ ላይ፤ ወይም አጠገቧ ያለውን ሰው ትከሻ ትመታበት ይሆናል። በሁለቱ ፎቶግራፎች ላይ አልሳቀችም። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ሰሌዳው ላይ ሦስት ጎን ያለው ክብ ስለሣለ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው ዓይኔ ወደ እጄ ሄደ። ጠመኔ ይዞ ጎኔ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ምናልባት የእሷም እንደዚያ ይሆናል። ምናልባት አይሆንም። የሚነግረኝ የለም።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለምነው ካሣ አይደለም። አንዲት ልጅ እንዳትታይ ስትጠይቅ ዋጋ አትጥሩባት። መሰወር ለፈራ ሰው ሁሉ በነጻ ይሰጥ፤ ማየት የሚፈልገው ይክፈል። ከሞተ ሰው ሣጥን ፊት የቆመ ሰው ሲመጣ ደግሞ የወረፋ ቁጥር ከመስጠታችሁ በፊት ሰማዩን ቀና ብላችሁ እዩልኝ። ይህን ለማድረግ የአንቀጽ ማሻሻያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ መስኮት ይበቃል።

እስከዚያው ድረስ የአባቴን ምስጢር እጅግ በተዋጣ ሁኔታ ስለጠበቃችሁልኝ፣ ማለትም ከእኔም፣ ከሌላም፣ ከእንግዲህ ከሚመጣውም ትውልድ ማንም ሊያነበው እንዳይችል አድርጋችሁ ስላተማችሁት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለክፍልዎ ብዙ አባላት፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

በመዝገባችሁ የሌለችው፣
የቀያሹ ልጅ

ተጨማሪ፦ ቦታው ከእንግዲህ እንዲለቀቅ ብዬ ሣጥኑ መገኘቱን በቅጻችሁ ሞልቼ ልኬ ነበር፤ ፍጥነታችሁ አስደንቆኛል። ትናንት ሾፌሩ ደወለልኝ፤ አባቴ ታሞ ሳለ የሾፌሩን ስልክ ለማሳወቂያ ሁለተኛ ቁጥር አድርጎ አስመዝግቦት ኖሯል። «አንቺ ልጅ፣ ለአባትሽ መልእክት መጥቷል እኔ ስልክ ላይ። ላንብብልሽ ወይስ ትመጫለሽ?» አለኝ። አንብብልኝ አልኩት። «እንኳን ደስ አለዎ፤ የደበቁት ሣጥን ተገኝቷል። ያገኘው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፕሪሚየም አባልነትዎን ያድሱ» ይላል። ያገኘሁት እኔ ነኝ። በነጻ ንገሩልኝ።